የኢንተርኔት ንግድና «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚባለው ወጥመድ



በኢንተርኔት የሚነግድ ሰው ምክር ሲፈልግ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ቴሌግራም ይበቃኛል ወይስ ድረ ገጽ ላሠራ? የኪራይ ሱቄን ልልቀቅና ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ልሁን ወይስ ኦንላይኑ ይቅርብኝ? ክፍያ በቅድሚያ ልቀበል ወይስ ዕቃው ሲደርስ? ዋጋውን ልጻፍ ወይስ «ኢንቦክስ» ልበል? ከደሞዝ ሥራዬ ልልቀቅ ወይስ ንግዱን ልተወው? ጠያቂው ሁለት ነገር ብቻ ያቀርባል፤ አንዱን እንድትመርጡለትም ይጠብቃል። መካሪውም ብዙውን ጊዜ ሳይጨነቅ ይመርጥለታል። «አሁን ዘመኑ የቲክቶክ ነው፣ ሱቁን ዝጋው» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «የኢንተርኔት ነገር አይታመንም፣ ሱቅህን ያዝ» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ሲሰሙ የቆራጥ ሰው ንግግር ይመስላሉ። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከግማሽ ገበያው ለመለያየት ወስኖ ነው።

እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው እነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ምርጫ የሚመስሉ ግን ምርጫ ያልሆኑ መሆናቸውን ነው። «የቱን ልያዝ?» ብለን የምንጠይቀውን ነገር ጠጋ ብለን ስናየው፣ መልሱ ያለው «የቱን ለማን? ምን ያህል? የትኛው ይቅደም?» በሚለው ውስጥ ነው። አንዱን መርጠን ሌላውን መተው ያለብን ጊዜም አለ። እሱንም ሳልናገር አላልፍም።

ትልልቅ የተባሉት ሰዎች ሳይቀሩ እዚህ ወጥመድ ውስጥ እንደሚወድቁ ለማየት ኔትፍሊክስን እንውሰድ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲመሠረት ሥራው ፊልም በዲቪዲ፣ በፖስታ ቤት በኩል ማከራየት ነበር። በ2007 ፊልሙን በቀጥታ በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ለተወሰኑ ዓመታት ደንበኛው በአንድ ወርሃዊ ክፍያ ሁለቱንም ያገኝ ነበር፤ በኢንተርኔት ያላገኘውን ፊልም በፖስታ ያስመጣል፣ ዲቪዲው እስኪደርስ በኢንተርኔት የተገኘውን ያያል። የድርጅቱ ኃላፊዎች ግን መጪው ጊዜ የኢንተርኔቱ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። በ2011 አጋማሽ ሁለቱን አገልግሎቶች ነጣጠሉና ሁለቱንም የሚፈልግ ደንበኛ የሚከፍለው በ60 በመቶ ያህል ጨመረ። ብዙም ሳይቆዩ የዲቪዲውን ክፍል «ክዊክስተር» የሚል ስም አውጥተው ራሱን ያስቻለ ሌላ ድርጅት ሊያደርጉት እንደሆነ አስታወቁ። ደንበኛው በሁለት ድረ ገጽ ሊመዘገብ፣ በሁለት ቦታ ሊከፍል፣ የሚፈልገውን ፊልም በሁለት ዝርዝር ውስጥ ሊፈልግ ነው ማለት ነው። በዚያው ሩብ ዓመት 800,000 የሚሆኑ አሜሪካውያን ደንበኞች ድርጅቱን ጥለው ሄዱ። ክዊክስተርም ሥራ ሳይጀምር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰረዘ።

ኃላፊዎቹ ስለ መጪው ጊዜ ያሉት ልክ ነበር፤ ዛሬ ዲቪዲ የሚከራይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ያ አሮጌ የተባለ ሥራ እስከ 2023 ድረስ ቀጥሎ ለድርጅቱ ትርፍ ሲያስገባ ቆይቷል። ከ2007 እስከ 2023 ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። ወደፊት የትኛው ያሸንፋል የሚለውና ዛሬ ደንበኛዬ የት ነው ያለው የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በትክክል የመለሰ ሰው ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይሄኛው ወደ እናንተ ወደ ነጋዴዎቹ ሥራ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አስቤዛ በኢንተርኔት ለመሸጥ የተነሱ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ዌብቫን ነው። የዌብቫን ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ሱቅ ያረጀ ነገር ነው፣ እኛ ያለ ሱቅ ከባዶ እንጀምራለን። ለዚህም በመላው አሜሪካ 26 ግዙፍ መጋዘኖችን ለማስገንባት ቤክቴል ከተባለው የግንባታ ኩባንያ ጋር 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ተፈራረመ። ከመካከላቸው የተገነቡት ዕቃውን በራሱ በሚያጓጉዝ ማሽን የተሞሉ ነበሩ። ነገር ግን የተሠሩት ብዙ ሺህ ትዕዛዝ በየቀኑ እንዲያስተናግዱ ስለነበር፣ ትዕዛዙ በዚያ ልክ ሳይመጣ ሲቀር ወጪው ብቻ ቀረ። ዌብቫን በ1999 አገልግሎት ጀምሮ በሐምሌ 2001 ከሰረ፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሠራተኞችም ሥራ አጡ።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ቴስኮ ነው። ቴስኮ ድሮም ባለ ሱቅ ነው፤ በየከተማው መደብር አለው። የኢንተርኔት ትዕዛዝ መቀበል ሲጀምር አዲስ መጋዘን አልሠራም። አንድ ሠራተኛ ጋሪ እየገፋ እዚያው ሱቅ ውስጥ በመደርደሪያዎቹ መሃል እየዞረ የታዘዘውን ያነሳል፤ መኪና ያደርሳል፤ ለማድረሻ 5 ፓውንድ ይጠየቃል። በወቅቱ የቴክኖሎጂ ሰዎች ይህን ኋላቀር አሠራር ነው ብለው ናቁት። ቴስኮ ግን ከዚያ አሠራር ትርፍ አገኘ፤ ዌብቫን በከሰረበት በ2001 ደግሞ ይህንኑ አሠራር ወደ አሜሪካ ይዞት ለመግባት ከአንድ የአሜሪካ የሱፐርማርኬት ድርጅት ጋር ተሻረከ። ከዓመታት በኋላ በለንደን አካባቢ የኢንተርኔቱ ትዕዛዝ በዝቶ ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ሸማቹን መተላለፊያ ሲያሳጡት፣ ያን ጊዜ ለኢንተርኔት ትዕዛዝ ብቻ የሚያገለግል፣ ሸማች የማይገባበት መደብር ከፈተ። መጋዘን የሚለው ሐሳብ ስህተት አልነበረም ማለት ነው። ዌብቫንን የጣለው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቴስኮ መጨረሻ ላይ ያደረገውን እሱ መጀመሪያ ላይ አደረገው።

አሮጌውንና አዲሱን አብሮ ስለ መያዝ ስናገር አንድ ነገር ይሰማኛል። በእኛ አገር «መሀል ሰፋሪ» መባል ስድብ ነው። ለብዙ ዘመን ወገንህን ለይ ሲባል የኖረ ሕዝብ ነን፤ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ የፍርሃት ወይም የወላዋይነት ምልክት ሆኖ ይታየናል። ያ ስሜት ወደ ንግዳችንም ገብቷል። ነጋዴ ግን ለደንበኛው እንጂ ለቴክኖሎጂ ወገንተኛ መሆን የለበትም።

እዚሁ አገራችን ውስጥ ያደጉትን አገልግሎቶች ተመልከቱ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ሀይብሪድ ዲዛይንስ የታክሲ መጥሪያ አገልግሎቱን ራይድን ሲያሳድግ በመተግበሪያ ብቻ አልተወሰነም፤ 8294 የሚለው አጭር ቁጥርም አለ። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት ይደውላሉ፣ ያሉበትን ይናገራሉ፣ መኪና ይመጣላቸዋል። ልጃቸው በመተግበሪያው ትጠራለች። መኪናው አንድ ነው፣ ሾፌሩም አንድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ቴሌብርንም እንዲሁ እዩት፤ መተግበሪያ አለው፣ *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስገባ ወኪልም በየሰፈሩ አለ። ሦስቱ መንገዶች ወደ አንድ ሂሳብ ይገባሉ። እነዚህን የሠሩ ሰዎች «ሕዝቡ ዲጂታል ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ተከራክረው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይከራከሩ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልግባ። ቴሌግራም ወይስ ድረ ገጽ?

ቴሌግራም ላይ ሰው አለ። ቻናል ለመክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፎቶ ለመለጠፍ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ደንበኛው ቀኑን ሙሉ የሚከፍተው ነገር ነው። ድረ ገጽ ግን ብታሠሩትም ማንም ሳያየው ዓመት ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ ነጋዴ በቴሌግራም መጀመሩ ትክክል ነው። ችግሩ ቴሌግራም የሰው ቤት መሆኑ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር፤ ያ የባለቤቱ የራሱ ብልሽት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት መጀመሪያ አንስቶ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ታግደው ቆዩ። ቪፒኤን መጠቀም የሚያውቅ ደንበኛ ገባ፤ የማያውቀው ቀረ። አስር ሺህና ሃያ ሺህ ተከታይ ያላቸው ቻናሎች የልጥፋቸው ተመልካች ቁጥር ወረደ። በዚያ ወቅት ልዩነት ያመጣው የተከታይ ብዛት አልነበረም። የገዢዎቹን ስልክ ቁጥር በደብተር መዝግቦ የያዘ ነጋዴ በአጭር መልእክት «አዲስ ዕቃ ገብቷል» ማለት ይችል ነበር። ቁጥሩን ያልያዘው፣ ሃያ ሺህ ሰው የሚያውቀው ቢመስለውም፣ ከቻናሉ የራቀውን አንድም ሰው መጥራት አልቻለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁ መዝገብ ነው። ማን ገዛ፣ ምን ገዛ፣ ስንት ቁጥር ይለብሳል፣ የት ሰፈር ነው፣ ስልኩ ስንት ነው። ደብተር ይበቃል፤ ስልካችሁ ላይ ያለ የሠንጠረዥ ፕሮግራምም ይበቃል። ቴሌግራም ሰው ያመጣል፣ መዝገቡ ሰውን ያቆያል። ስትመዘግቡ ግን ደንበኛውን አስፈቅዱ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው ስልክና አድራሻ እንደ ተራ ነገር የሚያዝ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የደንበኛን ቁጥር ለሌላ ነጋዴ መሸጥማ ነውርም ነው።

ድረ ገጹስ? እሱም ተራው ይደርሳል፤ ሥራ ሲኖረው። ሥራው ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዋሽንግተን ያለች ልጅ ለእናቷ ልደት አዲስ አበባ ኬክና አበባ መላክ ትፈልጋለች። ቴሌብር የላትም፤ ያላት የአሜሪካ ባንክ ካርድ ነው። ዘመድ ጋር ደውላ፣ ገንዘብ ልካ፣ ዘመድ ሄዶ ከፍሎ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ማታ ከሥራ ስትወጣ አይታ፣ መርጣ፣ በካርዷ ከፍላ መተኛት ነው የምትፈልገው። ለእሷ ዋጋው የተጻፈበት፣ ካርድ የሚቀበል ገጽ ያስፈልጋል። ቦሌ ላለችው ደንበኛ ግን ያው ቴሌግራም ይበቃል። ኬኩ የሚጋገረው በአንድ ምድጃ ነው። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ከሌላችሁ ድረ ገጹን ዛሬ አታሠሩት፤ ካላችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ።

ብዙ ጠብ የሚነሳበት የክፍያው ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንበል አንዲት ነጋዴ ሃያ ሁለት አካባቢ ከቤቷ የሕፃናት ጫማ ትሸጣለች። ማታ መልእክት ይገባል።

«25 ቁጥር አለ?»

«አለ እህቴ።»

«አያት ታደርሳላችሁ?»

«እናደርሳለን።»

ጠዋት ሞተረኛው ጫማውን ይዞ አያት ይሄዳል። ይደውላል፤ አይነሳም። ደግሞ ይደውላል፤ ስልኩ ተዘግቷል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቅና ጫማውን መልሶ ያመጣል፤ የሄደበትና የተመለሰበት ሂሳብ ነጋዴዋ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ነጋዴዋ ቻናሏ አናት ላይ «ቅድሚያ ክፍያ ሳይፈጸም ዕቃ አንልክም» ብላ ትለጥፋለች። ተናዳ ነው የጻፈችው፤ እውነት አላት።

ገዢዋም ግን እውነት አላት። እሷ ባለፈው ዓመት ለሌላ ቻናል ሙሉውን ከፍላ የመጣላት ፎቶው ላይ ያየችው ዕቃ አልነበረም፤ ስትጠይቅ ብሎክ ተደረገች። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን በእጇ ሳትነካ ብር አታወጣም። ነጋዴዋ ስለ ሐቀኝነቷ ብትምልላትም ገዢዋ ዝንፍ አትልም። ሁለት የተበደሉ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሌላውን ማመን አቃተው ማለት ነው። እዚህ ላይ «ቅድሚያ ወይስ ሲደርስ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሁለቱ ፍርሃት የማንኛው ይረገጥ ብሎ መጠየቅ ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር፤ መፍትሔውንም ቀብድ ብለውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የማድረሻውን ሂሳብ ብቻ በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ ይላክ። ገዢዋ ብትቀር ነጋዴዋ የሞተሩን አትከስርም፤ ዕቃው የተባለው ካልሆነ ደግሞ ገዢዋ የምታጣው ትንሽ ነው። ቀሪውን ሞተረኛው ፊት ካርቶኑን ከፍታ፣ ልጇን አልብሳ አይታ ትክፈል። ሞተረኛው 25 ቁጥር ብቻ ሳይሆን 26ንም ይያዝ፤ የሕፃን እግር በእናት ግምት አይለካም፤ ያልሆነው ይመለሳል፣ አንድ ጉዞ ይተርፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የገዛች፣ መዝገባችሁ ላይ ስሟ ያለ ደንበኛ ደግሞ ያለ ምንም ቀብድ ይላክላት። እምነት በገዢው ታሪክ ልክ ይሰጥ እንጂ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሁን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በስክሪንሾት አትመኑ። የክፍያ ማረጋገጫ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል። ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ሞተረኛው አይነሳ።

የሕንዱ ፍሊፕካርት እ.ኤ.አ. በ2007 መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር የገጠመው ይኸው ግድግዳ ነበር። ካርድ ያለው ሕንዳዊ ጥቂት ነበር፤ ያለውም ቢሆን አያምንም። በ2010 ዕቃው ሲደርስ መክፈል ይቻላል አለ፤ በካርድ የሚከፍለውንም አላባረረም። ገበያው የሰፋው ያን ጊዜ ነው።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ዛሬ በለጠፉት ዋጋ ነገ መሸጥ የማይችሉ አስመጪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ኢንቦክስ» የሚሉት ሁሉ ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን ዋጋ ጽፋችሁ «እስከ አርብ ድረስ» ማለት ማን ከለከላችሁ? ለብዛት የተለየ ዋጋ ካላችሁም «ከአምስት በላይ ለሚወስድ በውስጥ መስመር» በሉ። የማልቀበለው አንድ ነገር አለ፤ የጠያቂውን የፕሮፋይል ፎቶ አይቶ ዋጋ መወሰን። ያ ንግድ አይደለም።

ከደሞዝ ሥራ ስለ መልቀቅ ብዙ ወጣቶች ስለሚጨነቁበት ትንሽ ላስፋው። በየመድረኩ የሚነገረው «ጀልባውን አቃጥል፣ መመለሻ እንዳይኖርህ» የሚል ምክር ነው። ሰሚውን ያነሳሳል፤ ለኪራይ ከፋይ ግን አደገኛ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ራፊና ፌንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን ጀማሪ ነጋዴዎችን ተከታትለው ነበር። መጀመሪያ ደሞዛቸውን ሳይለቁ በጎን ነግደው ቀስ በቀስ ወደ ንግዱ የተሻገሩት፣ ሥራቸውን በአንድ ጊዜ ለቀው ከገቡት ይልቅ ከንግድ የመውጣት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ደሞዝ ያለው ሰው መጥፎ ዕቃ አቅራቢ ሲያጋጥመው እምቢ ለማለት አቅም አለው። የወሩ ኪራይ የደረሰበት ሰው ግን የመጣውን ይቀበላል። ኢቤይን የመሠረተው ፒየር ኦሚድያርም ድረ ገጹን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፍት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሥራውን የለቀቀው ከድረ ገጹ የሚያገኘው ከደሞዙ ሲበልጥ ነው። ለምን ወኔ የለህም የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ይህን ንገሩት።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ «ታዲያ ሁሉንም እንያዝ እያልከን ነው ወይ?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ሁለት ተቃራኒ ምክር ይሰጠናል። አንዱ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ሌላው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጥበቡ ያለው የትኛው ለየትኛው ጊዜ እንደሆነ በማወቁ ላይ ነው። ባላዎቹ ሁለት ቢሆኑም የሚሸከሙት አንድ ሰው ነው። ዛፎቹ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጫፍ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት እግር ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ልትጨምሩ ስታስቡ ይህን ጠይቁ፤ አዲሱ ነገር ያለኝን ሥራ ይሸከምልኛል ወይስ ሌላ ሥራ ይጭንብኛል?

ለምሳሌ አንድ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ ብትለጥፉት ሁለት ባላ ነው፤ ዕቃው አንድ፣ ድካሙ አንድ ነው። ብቻዋን የምትሠራ ሴት ግን በየማታው በሦስት መድረክ የተለያየ ላይቭ ልግባ ካለች ዛፍ መውጣት ጀምራለች፤ ትዕዛዝ የሚመልስ ሰው አይኖርም። የሕፃናት ልብስ ብሎ የተጀመረ ቻናል በሁለተኛው ዓመት የቤት ሽያጭ ድለላ፣ ከዚያ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል፣ ከዚያ የክብደት መቀነሻ ሻይ ሲለጥፍ አይታችኋል። ባለቤቱ ገቢ ያሰፋ ይመስለዋል። የሕፃን ካልሲ ፈልጋ የተቀላቀለችው እናት ግን በቀን አምስት የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ሲመጣባት ድምፁን ታጠፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ካልሲውም ሲመጣ አታይም።

እንዲሁም መሃል የሌላቸው ነገሮች አሉ። «ኦሪጂናል» ብላችሁ የለጠፋችሁት ዕቃ ወይ ኦሪጂናል ነው ወይ አይደለም። ቅጂ መሸጥ የግድ ከሆነባችሁ ቅጂ መሆኑን ጻፉ፤ ገዢ አይጠፋም። «ከኦሪጂናሉ የማይለይ» የሚል ጽሑፍ ግን ውሸት ነው። የንግዱን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብም በአንድ ሂሳብ መያዝ አይቻልም። ብዙ የኦንላይን ሱቅ የሞተው ገዢ አጥቶ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ዕቃ መግዣ የነበረው ወረት ለበዓል በግ ስለወጣ ነው። እዚህ ላይ ቆራጥ ሁኑ፤ ዛሬውኑ ሌላ ሂሳብ ክፈቱ።

ከአዳራሹ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ወጣቶችን ለምታሠለጥኑ፣ ብድር ለምትሰጡና መድረክ ላይ ቆማችሁ ለምትመክሩ ነው። አንድ ልጅ «ሱቅ ወይስ ኦንላይን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱለት። መጀመሪያ ባለፈው ወር ማን እንደገዛው ጠይቁት፤ እንዴት እንዳገኙት፣ እንዴት እንደከፈሉት፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ጠይቁት። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ብድር ሰጪዎችም ቋሚ ሱቅ የሌለውን ነጋዴ እንደሌለ አትቁጠሩት፤ የሂሳቡን እንቅስቃሴ እዩለት።

ሁለተኛው ለእናንተ ለነጋዴዎቹ ነው። ዛሬ ማታ ቻናላችሁን ክፈቱና ባለፉት ሦስት ወራት የገዟችሁን ሰዎች አንድ በአንድ ጻፉላቸው። ስልካቸውን ለመመዝገብ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ከመልእክት ይልቅ ስልክ ሲደወልላቸው የሚመርጡ ካሉም እሱን ጻፉ። አንዳንዶቹ አይመልሱም፤ አይክፋችሁ። የመለሱትን በደብተር አስፍሩ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያ ደብተር ይሁን።